የሁላችንም የስፌት መኪና

ጉንዳን ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል፣ ከራሷ የሚበልጥ የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ ከበሩ ጋር ስትታገል አይታ «እዩልኝ ይቺን ጉንዳን!» አለች፤ በዚያው ቀረ። ዛሬ ልጆቿን አሳድጋ የዳረች ሴት ብትሆንም ሰፈሩ የሚያውቃት በዚሁ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣ እንግዳ እንኳ «የጉንዳን ቤት በየት ነው?» እያለ ነው የሚመጣው።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። የምትሰፋው መንገዱ ዳር ባለችው የፊት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር የእናቷ የስፌት መኪና ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ በእግር የሚረገጥ፣ አንገቱ ላይ የነበረው ወርቅማ አበባ በእጅ ብዛት ተፍቆ ግንዱ ብቻ የቀረ። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የባሏ ፀጉር ቤት አለ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሷ መኪናውን መርገጥ ስታቆም እሱ ይሰማዋል፤ «ምነው፣ ክር አለቀ?» ብሎ ከወዲያ ይጠይቃል።

መኪናው የእሷ ነው ማለት ግን አይቻልም። እናታቸው ስትሞት ሦስቱ ልጆች ዕቃ ሊከፋፈሉ ተቀምጠው ሳለ፣ ታላቅ ወንድማቸው እጁን መኪናው ላይ አሳርፎ «ይሄ አይነካም። የሁላችንም ነው። ጉንዳን ትሥራበት፤ ግን የሁላችንም ነው» አለ። ታናሽ እህታቸው አለቀሰች። ጉንዳንም ያኔ ነገሩ አንጀቷን በላት። «የሁላችንም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባት ቆይቶ ነው። ድካሙ የእሷ፣ ውሳኔው የእነሱ ማለት ነበር። የእግር መርገጫው ሲሰነጠቅ በሌላ ልትተካው አስባ ነበር፤ ወንድሟ ሰምቶ «የእማዬ እግር ያረፈበትን?» ብሎ ተቆጣና በሽቦ አስሮላት ሄደ። እስከ ዛሬ የምትረግጠው በሽቦ የታሰረውን ነው።

ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሁለቱ እህቶቹ ጋሼ ይሉታል። ታናሺቱ መምህርት ናት። ለእናታቸው መኪና ያላቸው ፍቅር ለሌላው የሚተርፍ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ነው ያሳደገን» እያሉ ያሳያሉ። ሁለቱም ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠውበት አያውቁም።

በዚያ ዓመት መንገዱ ጫፍ ላይ አዲስ ክሊኒክ ተሠራ። የነርሶቹ ኃላፊ፣ ረጅምና ስትናገር የምትፈጥን ሴት፣ የአልጋ ልብስ፣ የበሽተኛ ጋዋንና በየአልጋው መካከል የሚንጠለጠል መጋረጃ የሚሰፋ ሰው እያፈላለገች ከበር በር ትዞር ነበር። ጉንዳን ዘንድም ገባች። አንድ ያለቀ ልብስ አንስታ ስፌቱን ወደ ብርሃን ዘርግታ አየችና ወደደችው። ከዚያ ገለበጠችው። ጠርዙን በጥፍሯ ጫር ጫር ስታደርገው ክሩ ተመዘዘ።

የኛ ልብስ በፈላ ውኃና በበረኪና ነው የሚታጠበው አለቻት፤ ይህ ጠርዝ በሁለተኛው እጥበት ይተረተራል። ጠርዙ ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ የመኪና ዚግዛግ ተሰፍቶ ናሙና ይምጣልኝና እኛው አጥበን እንየው፤ ከቻለ እንነጋገራለን። ይህን ብላ ወጣች።

ጉንዳን እንዲህ ያለ ሥራ ስትመኝ ነው የኖረችው። አንዱ ሱሪ ሊያሳጥር፣ ሌላው ዚፕ ሊያስቀይር መጥቶ ሲሄድ የሚውል ሥራ ሳይሆን፣ ዛሬ ተሰፍቶ ነገ ደግሞ የሚፈለግ ሥራ። ያን ሰሞን ደግሞ፣ ሲፈርድባት፣ መኪናው ታመመ። መጀመሪያ ስፌት መዝለል ጀመረ። ቀጥሎ የታችኛው ክር እየተጠቀለለ ጨርቁን ነክሶ ይይዝ ጀመር። በመጨረሻ የሆዱ ዕቃ እንደ አሸዋ ተንገጫገጨና፣ አንድ ቀን አንሶላ በመስፋት ላይ ሳለች መዘውሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አባባ ብሎንን አስጠራች። አባባ ብሎን የስፌት መኪና ጠጋኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲራመዱ የኮታቸው ኪስ በብሎን ስለሚንኳኳ ነው ስሙ የወጣላቸው። መኪናውን ወደ ኋላ አጋድመው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሆዱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አዩ። የታችኛው ዘንግ ተበልቷል አሉ። ቶርኖ ቤት ወስደው አዲስ ያስቀርጹለታል፤ መዳኑን ይድናል።

«እሺ አባባ» አለች ጉንዳን፣ «ከዳነ በኋላ ጠርዝ ይይዝልኛል? ዚግዛግ ይሰፋል?»

አባባ ብሎን ካቻቢቴያቸውን በጨርቅ ወለወሉ።

«ልጄ፣ በቅሎ የቱንም ያህል ብትቀለብ አትወልድም» አሉ። «ቀጥ ያለውን ስፌት ከሆነ እስከ ልጅ ልጆችሽ ይሰፋዋል። የጠየቅሽኝ ግን ከፋብሪካው ሲወጣም አልነበረበት።»

ብሎኖቹን መልሰው አጥብቀው፣ ስትወስኑ ላኩብኝ ብለው ሄዱ።

ጉንዳን በማግስቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የስፌት መኪና ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። ሻጯ አንዱን ነጭ መኪና አውጥታ ሰካችላት። እግር ሥር ያለው መርገጫ የጫማ ሶል የሚያህል ነገር ነው። ጉንዳን እንደለመደችው በሙሉ እግሯ ረገጠችው፤ ጨርቁ ከእጇ አምልጦ ተፈተለከ፣ እሷም መርፌው እንዳይበላት ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች። ሻጯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀስ በይ አለቻት። ጉንዳን ግን ፊቷ ጋለ። ይህን ያህል ዘመን የሰፋሁ ሴት እንደ ጀማሪ እጄን ልስቀል ብላ አፍራ ወጣች።

ያፈረችው ግን እስከ ቤቷ ድረስ ብቻ ነው። በማግስቱ የራሷን አቡጀዲ ይዛ ተመልሳ መጣች። ጫማዋን አውልቃ በአውራ ጣቷ ብቻ ነካ አደረገችው። መኪናው አንድ ስፌት ሰፍቶ ቆመ። ደግሞ ነካ። ደግሞ ቆመ። ሻጯ ሌላ ደንበኛ አስተናግዳ እስክትመለስ ጉንዳን አንዱን ጎን ጨርሳ ጠርዙን በዚግዛግ ይዛው ነበር። በጥፍሯ ጫረችው፤ አልተመዘዘም። በጥርሷ ጎተተችው፤ አልተመዘዘም። ጨርቁን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና ተነሳች። ሁልጊዜ ከወንበር ስትነሳ «ቀጭ» የሚለው ቀኝ ጉልበቷ ድምፁን አለማሰማቱን ያስተዋለችው መንገድ ላይ ነው። ቤቷ ስትደርስ ቆርጣለች።

ለባሏ ነገረችው። በእጃቸው ያለው የቤቱን ጣሪያ ለማስቀየር ያጠራቀሙት ብቻ ነበር። ባሏ የአንዱን ደንበኛ አንገት እየላጨ አዳመጣትና ጣሪያው ይቆይ አለ፤ ክረምቱን በባልዲ ይወጡታል፣ በዝናብ የመጣ ደንበኛም ጭንቅላቱ በነጻ ይታጠብለታል። ደንበኛው ሳቀ። ጉንዳን አልሳቀችም፤ ያቺ ገንዘብ እንደማትበቃና አሮጌው መኪና ካልተሸጠ የምትፈልገው እንደማይገዛ ታውቃለች። መኪናው ደግሞ የሁላቸውም ነው።

እሑድ ወንድሟንና እህቷን ሻይ ጠራቻቸው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ ክሊኒኩን ነገረቻቸው፣ አባባ ብሎን ያሉትን ነገረቻቸው፣ መኪናውን ሸጬ አዲስ ልገዛ ነው አለቻቸው። ወንድሟ ስኒውን አስቀመጠ።

«እናታችንን ልትሸጪ ነው?» አላት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረ። አዲስ ዕቃ ሁሉ ሽፋኑ ብቻ እንደሆነ፣ ፕላስቲኩ ዓመት ሳይሞላው እንደሚሰበር፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን እንደሚሻል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት ምን እንደደረሰባት። እህቷ ገና ከመጀመሪያው እንባዋን እያበሰች ነበር፤ ከደመወዜ በየወሩ ቆርጬም ቢሆን ይጠገን አለች። ወንድሟም ኧረ ሙሉ ወጪው በእኔ ነው ብሎ ደረቱን መታ። ጉንዳን የቸገረኝ የጥገናው ወጪ አይደለም ብትላቸው የሚሰማት አልተገኘም። የተናገረችው ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት ሆነ። ደክሟት ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰዱት።

በዚያ ሳምንት መሐል ጉንዳን ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ መስኮቱ ሥር ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የመኪናው አራት እግሮች የቆሙበት ብቻ ነጥቶ ይታያል። ባሏ ማበጠሪያ እንደያዘ በር ላይ ቆመ።

«ወንድምሽ ሊያስጠግነው ከነተሸካሚው መጥቶ ወሰደው» አላት። «ላስቆመው ነበር፤ የሁላችንም ነው አለኝ። ከሁላችሁም መሐል እኔ ስለሌለሁበት ዝም አልኩ።»

ጉንዳን ወንበሯን ወደ ባዶው ቦታ ሳበች። ተቀምጣም የተጀመረውን አንሶላ በእጇ መስፋት ጀመረች። መኪናው እስኪመለስ ድረስ የሱሪውንም የቀሚሱንም እጥፋት በእጅ መርፌ እየሰፋች ደንበኞቿን ያዘች፤ የጣቷ ጫፍ ወንፊት መሰለ። ወደ ክሊኒኩም ሄዳ ናሙናው ሊዘገይ ነው አለች። ኃላፊዋ ግድግዳ ቀለም በሚቀቡ ሰዎች መሐል ቆማ ነበር። ምክንያቱንም አልጠየቀችም።

«ከመከፈታችን በፊት ይድረስልኝ» አለች። «ሌሎችም አምጥተዋል፤ እርስዎን መጠበቅ አልችልም።»

መኪናው የተመለሰው እንደ ሙሽራ ታጅቦ ነው። ወንድሟ ከፊት፣ ተሸካሚዎቹ ከኋላ፣ እህቷ ለዚሁ ብላ ቀደም ብላ መጥታ ቤቱን ጠርጋ ትጠብቃለች፤ አባባ ብሎንም ኪሳቸውን እያንኳኩ ከኋላ ደረሱ። ጨርቁ ሲገለጥ ጉንዳን ባለችበት ቀረች። ጥቁሩ ቀለም እንደ መስታወት ያበራል። አንገቱ ላይ ያለው አበባ ከነቅጠሉ በወርቅ ቀለም ተስሏል። እንጨቱ ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ አዲስ ነው፣ በሽቦ የታሰረው መርገጫ እንኳ ተበይዶ ሽቦው ተፈቷል።

«ሞክሪው» አላት ወንድሟ። ወንበሩንም ሳበላት።

ተቀመጠችና ረገጠችው። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ መኪና የሰማችው ልጅ ሆና፣ ጠረጴዛው ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀመች ስትጫወት ነው። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ወጣ። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ተነስታ የወንድሟን ጉንጭ ሳመች፣ አባባ ብሎንንም እጃቸውን ይዛ አመሰገነች። ሁሉም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው መሳሳቅ ጀመሩ።

ጉንዳን የሰፋችውን ጨርቅ ገለበጠችና ጠርዙን በጥፍሯ ጫረችው። ክሩ ተመዘዘ።

«ጋሼ» አለች፣ «አሳምረህ አስጠግነኸዋል። እግዜር ይስጥህ። እኔ ግን አዲሱን እገዛለሁ።»

አባባ ብሎን መሬት መሬት አዩ። ወንድሟ ፊቱ ጠቆረ፤ ምን ጎደለው ታዲያ፣ ምን ሆነ፣ እስቲ ምን አጣ ብሎ ጠየቀ።

ጉንዳን አንድ ልትናገረው የምትችለው ነገር ነበር። እናታቸው በመጨረሻዎቹ ዓመቶቿ ሞተር ያለው መኪና በሱቅ መስታወት ባየች ቁጥር ትቆም እንደነበር፣ እግሯ ባበጠ ቀን ይህንኑ ጥቁር መኪና በእርግማን ታጥበው እንደነበር። አንድ ጊዜማ ገንዘቡን አሟልታ ነበር፤ የወንድሟ የመንጃ ፈቃድ ወጪ ሲመጣ በዚያ ሄደ። ይህ ሁሉ አፏ ላይ ደረሰ። ነገር ግን ይህን ብትል ክርክሩን ትረታለች፣ ወንድሟን ግን ዕድሜ ልኩን ታቆስለዋለች። ዋጠችው።

«ምንም አልጎደለውም» አለች። «እኔ የምፈልገውን አይሠራም፤ ይኸው ነው። ጋሼ፣ አንተ ይሄን መኪና የምታውቀው በጆሮህ ነው። እስቲ ተቀመጥ።»

«ምን ላድርግ ተቀምጬ?»

«ስፋ።»

ወንድሟ እህቱን አየ፣ አባባ ብሎንን አየ። ከዚያ እልህ ያዘውና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እኔ ከባድ መኪና የምነዳ ሰው፣ ይቺን አቅቶኝ ነው? ብሎ ረገጠው። መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረና ክሩን በጠሰው። ጉንዳን ክሩን መልሳ አስገባችለት። ሁለተኛ ረገጠ፤ ጨርቁ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ሄዶ ሄዶ ከጠርዙ ወጣ። እጁን ሲያስተካክል እግሩ ይቆማል፣ እግሩን ሲያስብ እጁ ይሳሳታል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ባሏ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ማርሽ ቀይር» ሲለው እህቷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ወንድሟ ራሱ ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

«ስላልለመድኩት ነው» አለ ተነስቶ።

«ልክ ነህ፣ ስላልለመድከው ነው። እኔ ለምጄዋለሁ። የለመደው ጉልበቴ ደረጃ መውጣት አቅቶታል» አለች ጉንዳን። «የጠራኋችሁ ላስፈቅዳችሁ አልነበረም፤ ከጎረቤት ከምትሰሙት ከእኔ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። መሸጡ ከከበዳችሁ አልሸጠውም። ግን ከዚህ ቦታ ይነሳልኝ፤ አዲሱ የሚገባው እዚህ ነው።»

«የት ይሂድ ታዲያ?»

«የሁላችንም አይደል? አንተ ዘንድ ይሁን።»

ወንድሟ ተሸካሚዎቹን ጠርቶ መኪናውን አስነስቶ፣ እንዳመጣው ጨርቁን አልብሶ ይዞት ሄደ። ለጉንዳንም ደህና ዋይ አላላትም።

አሮጌው ስላልተሸጠ የፈለገችውን መግዛት አልቻለችም። ሱቅ ገብታ ያን የሞከረችውን፣ አበባም ቅጠልም የሚሰፋውን ትታ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ጠየቀች። ቀጥ ያለውንና ዚግዛጉን ብቻ ነው የሚሰፋው፤ መልኩም ያን ያህል አይደለም። ሻጯ ሌላ ቀን የተሻለውን ብትገዢ ይሻልሻል ብትላት፣ ሌላ ቀን ክሊኒኩ ተከፍቶ ያልቃል አለችና ተሸክማው ሄደች።

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች መራር ነበሩ። ሱቅ ውስጥ የታዘዘላት መኪና ቤቷ ሲገባ ዓመል አወጣ። ወፍራሙን አቡጀዲ መርፌው ይሰበርበታል፤ ስሱን ጨርቅ ሸብሽቦ ይጨማድደዋል። እግሯ የድሮውን መርገጫ ፍለጋ አየር ላይ ይወዛወዛል። ከናሙናዎቹ አንዱን ሙሉ በሙሉ አበላሸችና መተርተር ስላለባት ልቧ ዝቅ አለ። ወንድሟ ይህን ቢያይ የሚለውን ሁሉ እሷው ለራሷ ብላ ጨረሰችው። ከዚያ መተርተሪያዋን አንስታ ከጫፉ ጀመረች።

በዚህ መሐል ነው እህቷ የመጣችው። የተማሪዎቿን ወረቀት በጉያዋ ይዛ፣ በዚህ ሳልፍ ነው ብላ ገባች፤ ትምህርት ቤቷ ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። ጥቂት ቆማ አየቻትና ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ አንድ ጋዋን ሳበች። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ተረተሩ።

«ጋሼ ተቀይሟል» አለች እህቷ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«እኔም ተቀይሜ ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ያንን ጫፍ እንዳትቀጂው ቀስ በይ» አለች ጉንዳን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቷ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣች የተበላሸውን ትተረትርላት፣ የተሰፋውን በካውያ ትተኩስላት ጀመር። ጉንዳንም እየለየላት ሄደ። ለአቡጀዲው ወፍራም መርፌ፣ ለስሱ ቀጭን፤ የላይኛውን ክር ላላ፣ እግሯን ደግሞ ተረከዟን መሬት ተክላ በአውራ ጣቷ ብቻ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ጋዋን ከአንገቱ እስከ ጠርዙ ሳታቆም ሰፍታ ጨረሰችና አንገቷን ቀና ስታደርግ፣ ባሏ ከማዶ «ምነው ጠፋሽ?» አለ። አዲሱ መኪና ድምፁ ግድግዳውን አልፎ አይሰማውም ነበር። አለሁ አለችው።

ናሙናውን ይዛ ስትሄድ ክሊኒኩ የቀለም ሽታው ገና አልለቀቀውም። የነርሶቹ ኃላፊ ጠርዙን በሁለት እጇ ወጥራ አየችው፣ በጥፍሯም ጫረችው። ታጥቦ ይታያል ብላ ተቀበለቻት። ጉንዳን መልስ ስትጠብቅ አንዱን ሱሪ በሁለት የተለያየ ቀለም ክር ሰፍታ ደንበኛ ሳቀባት።

ሲጠሯት፣ ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ የበርካታ ሰዎችን ናሙና ዘርግታ ጠበቀቻት። አብዛኞቹ ጠርዛቸው ጢም አብቅሏል። የጉንዳን ጋዋን በበረኪናው ቀለሙ ቢደበዝዝም ስፌቱ እንዳለ ነው። አንገቱ ላይ ግን አንድ ቦታ ሸብሸብ ብሏል። ኃላፊዋ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ይስተካከላል?»

«ይስተካከላል» አለች ጉንዳን።

ሥራው ሙሉ በሙሉ አልተሰጣትም። መጋረጃው ትልልቅ መኪና ላለው ለሌላ ልብስ ሰፊ ሄደ፤ የአልጋ ልብሱና ጋዋኑ ግን የእሷ ሆነ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደስታዋ ሙሉ አልነበረም፤ መጋረጃውንም ፈልጋው ነበር። ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ለባሏ በምልክት ግማሹን አገኘሁ አለችው። እሱም መቀሱን ወደ ላይ አንስቶ እንኳን ደስ አለሽ አላት።

ወንድሟ እስከ ክረምቱ አጋማሽ አልመጣም። አንድ ቀን ስልኳ ሲጮህ ስሙን አይታ ደነገጠች፤ ሰው የሞተ መሰላት።

«ጉንዳን» አለ ወንድሟ፣ እንዴት ነሽም ሳይል፣ «ይሄ የታችኛው ክር ለምንድን ነው የሚጠላለፈው?»

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣችው። መኪናውን ሳሎን አስቀምጦት ነበር። ሚስቱ የአበባ ማስቀመጫ ልታደርግበት ስትል፣ የእናቴን መኪና? ብሎ ተቆጣ። ከተቆጣ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ማንም ሳያየው ተቀመጠበት። ያ ወደ ኋላ የዞረው መዘውር ከአንጀቱ አልወጣለት ብሎ ኖሯል። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ጥቂት እየሞከረ፣ አሁን ለጭነት መኪናው ወንበር ልብስ ሊሰፋ ጀምሯል፤ አንዱ ጎን ወጥቶለታል፣ ሌላው ግን ከሥሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይጠቀለልበታል።

ጉንዳን የጀመረችውን ጋዋን መርፌው ሥር እንዳለ ትታ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ አዳመጠችው። የላይኛውን ክር ስታስገባ ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚጫነውን እግር ታነሳለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። የቱ ነው እግሩ አላት። ነገረችው። አነሳለሁ አለ፤ ከዚያ አንዳንዴ እረሳለሁ አለ። ክሩን አውጥተህ እንደገና አስገባ አለችው። ከስልኩ ማዶ ሲያቃስት፣ ሲያጉረመርም፣ መነጽር አምጡልኝ ሲል ሰማችው። ቀጥሎ መኪናው ሲረገጥ፣ ያ የሚያምር ድምፁ፣ በስልኩ ውስጥ መጣ። ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«ይጠላለፋል አሁንም» አለ። «የአባባ ብሎን ዘንግ ነው ችግሩ። አላሳመሩትም።»

«ጋሼ፣ ዘንጉ ምንም አልሆነም። የታችኛው ክር የተጠቀለለበትን ቦቢን ገልብጠህ ነው ያስገባኸው።»

ኮት ሲንኮሻኮሽ፣ አንድ ትንሽ ብረት ነገር ወለል ላይ ሲወድቅና ሲንከባለል፣ ሚስቱ ስትስቅ ተሰማ።

«በየት በኩል ነው ክሩ የሚወጣው ታዲያ?» አላት።

ጉንዳን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረችና ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረው ጀመር።